የመንደሩ መስክ ይመዝገብ

ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሆለታ ከተማ ዳርቻ ገና ጉም እንደ ለበሰ ነው። ከዙሪያው የወልመራ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጡት ግን ቀድመው ደርሰዋል። ጀሪካን ያንጠለጠሉ ልጆች፣ በአህያ የጫኑ እናቶች፣ በፈረስ ጋሪ የመጡ ጎልማሶች ከወተት መሰብሰቢያው ደጃፍ ተሰልፈዋል። ተረካቢው የእያንዳንዱን ወተት በየተራ ወደ ረጅም መለኪያ እየቀዳ ላክቶሜትሩን ይለቅበታል። የመስታወት ዘንጉ ከፍ ብሎ ከተንሳፈፈ ወተቱ ውኃ አልነካውም፤ ከሰመጠ ባለቤቱ አንገቱን ይደፋል። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ በአልኮል ይፈተናል፤ ከረጋ ይመለሳል። ፈተናውን ያለፈው ወደ ትልቁ ገንዳ ተገልብጦ፣ በመኪና ተጭኖ፣ መናገሻን፣ ታጠቅንና ቡራዩን አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባል። ከመዲናዋ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ሆለታ ቀኗን የምትጀምረው እንዲህ ነው።

ያ ወተት የተነሣው ከመስክ ነው። በየመንደሩ መሐል ወይም ግርጌ ማንም ለብቻው የእኔ የማይለው፣ ሁሉም ግን የእኛ የሚለው የሣር ሜዳ አለ። አካባቢው ካሎ ይለዋል፤ ውኃ የሚተኛበት ሲሆን ደግሞ ጨፌ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ሜዳ ነው። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ያለው የገጠር መንደር ከተማ እየገፋ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያጣው ቤቱን ወይም ማሳውን አይደለም፤ መስኩን ነው። መስኩ ሲሄድ ደግሞ የቀረው አብሮ ይሄዳል።

ከከተማ ለሚመጣ እንግዳ መስኩ ባዶ ቦታ ይመስለዋል። ቤት አልተሠራበትም፣ እህል አልተዘራበትም፣ አጥርም የለውም። ዓመቱን ሙሉ ላየው ሰው ግን ከመንደሩ ይዞታ ሁሉ እንደ እርሱ ሥራ የሚበዛበት የለም። ከሰኔ ጀምሮ የተራራው ጎርፍ ወርዶ ይተኛበታል፤ ውኃውን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ቀስ እያለ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ ይለቃል። በመስከረም አደይ አበባ ያለብሰዋል፤ ደመራው የሚተከለው እዚያው ነው፤ ኢሬቻ ሲደርስም እርጥብ ሣር የሚታጨደው ከዚያው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማጭድ ይገባበታል። በሱሉልታ ሜዳ በዚህ ወቅት ያለፈ ሰው አጫጆች በረድፍ ጎንበስ ብለው ሲወርዱ፣ ከኋላቸው የድርቆሽ ክምር እንደ ጎጆ መንደር ሲበቅል፣ ከአናቱ በላይ የተጫነ አይሱዙ እየተወዛወዘ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሲወጣ አይቷል። የአዲስ አበባ ላሞች በጋውን የሚሻገሩት በዚያ ድርቆሽ ነው። ገና ሲደርስ መስኩ የሩርና የዱላ ሜዳ ይሆናል። በጥምቀት ታቦቱን ያጀቡ ፈረሰኞች ጉግስ ይጋልቡበታል። ከዚያ እስከ በልግ ድረስ የከብቱ፣ የበጉና የፈረሱ ነው።

የሆለታ ስም ራሱ ከዚህ መልክዓ ምድር አይነጠልም። ሆለታ ወንዙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አካባቢውን ወድደው ቤተ መንግሥት አሠሩበትና ገነት አሉት፤ ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከተማዋን ሆለታ ገነት ነው የሚሏት። በ1927 ዓ.ም. ጥር ወር በዚሁ ቤተ መንግሥት በስዊድናዊው መኮንን በቪኪንግ ታም የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዓመቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ የሆለታ ካዴቶች ወደ ምዕራብ ሄደው ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር ውስጥ ተሰልፈዋል። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋምም ሆለታ ከዋና ዋና ማዕከሎቹ አንዱ ሆነ። ጃለኔ፣ ጉዳኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች፣ በደጋው ገበሬ ዘንድ የታወቁ የገብስ ዘሮች፣ በቀን ሁለት ሊትር እንኳን የማይሞላ የምትሰጠውን የአገር ላም ከውጭ ዝርያ ጋር አዳቅሎ ምርቷን ብዙ እጥፍ የማሳደጉ ሥራ፣ ሁሉም በዚህ ቀዝቃዛ ደጋ አፈር ላይ የተሞከሩ ናቸው። ወተቱን የሚያጓጉዘው ገበሬ የዚያ ምርምር ፍሬ በእጁ ላይ አለ።

አዲስ አበባ ከዚህ አካባቢ ጋር ያላት ግንኙነት ገና ከጅምሩ የአቅራቢና የተቀባይ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችው እንጨት ነበር። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንጦጦና የአካባቢው ደን ተመንጥሮ ስላለቀ ምኒልክ መዲናቸውን ከሆለታ አለፍ ብሎ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። በመጨረሻ ከተማዋን ከመሰደድ ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥትም ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወልመራ ገበሬ ባሕር ዛፍን እንደ ባንክ ይዞታል። ልጅ ሲዳር ወይም ሲታመም ይቆረጣል፤ አጣናው ለከተማው ፎቅ መወጣጫ ይሆናል። ከእንጨቱ ቀጥሎ ከተማዋ ወተት፣ ገብስና ድንች ጠየቀች። አሁን የምትጠይቀው መሬቱን ራሱን ነው።

ጥያቄው በብዙ መልክ ይመጣል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሆለታ፣ በመናገሻ፣ በሰበታና በሱሉልታ የተዘረጉት የአበባ እርሻዎች ኢትዮጵያን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አድርገዋታል፤ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይ ለሴቶች፣ የደመወዝ በር ከፍተዋል። ጎን ለጎን ግን ነጩ የፕላስቲክ ቤት የተተከለው ብዙውን ጊዜ ውኃ ቅርብ በሆነበት ለጥ ያለ መሬት ላይ ነው። እንዲህ ያለው መሬት ደግሞ ከማንም በፊት የመንደሩ ግጦሽ ነበር። ድንጋይ መፍለጫው፣ መጋዘኑ፣ የጡብ ፋብሪካው፣ የማኅበር ቤቱ፣ በየአቅጣጫው የሚሸነሸነው ቦታ ሁሉም እንዲሁ መስኩን ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሳ ሲወሰድ ባለቤት አለው፣ ይጮኻል፣ ካሣ ይጠይቃል። መስክ ሲወሰድ ግን ሰነድ ይዞ የሚቀርብ ሰው የለም። መንደርተኛው ራሱም ንጹሕ አይደለም፤ አንዱ የባሕር ዛፍ ችግኙን ረድፍ በረድፍ ወደ መስኩ ይገፋል፣ ሌላው አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ ያሰፋል።

ይህ ጉዳይ ምን ያህል የሰው ልብ እንደሚነካ አገሪቱ በደም አይታዋለች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከሆለታ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት የእግር ኳስ ሜዳቸውና በአቅራቢያው ያለው የጭልሞ ደን ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው በሚል ነበር። ያ ቁጣ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጋር ተያይዞ ክልሉን አዳረሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በጥር ወር ማስተር ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚያ ዘመን ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ። መነሻው ላይ ግን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የጋራ ሜዳና የጋራ ደን እንደ ነበሩ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚያ ወዲህ የከተሞቹ አስተዳደር ተቀይሯል። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። የካርታው ቀለም ቢቀየርም መስኩ ላይ ያለው ግፊት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትናንት ገጠር የነበረ ቀበሌ ከተማ ሲባል የግጦሽ ሜዳው በአንድ ቀን የከተማ ቦታ ይሆናል።

መስኩ ከጠፋ በኋላ ያለው ኑሮ በቡራዩ ዙሪያ በግልጽ ይታያል። ላም የነበረው ሰው ለድርቆሽ፣ ለፉርሽካና ለፋጉሎ የሚከፍለው ከወተቱ ዋጋ ጋር ይቀራረብበታል። በዐቢይ ጾም ሰሞን የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ሌላው ወተቱን ንጦ ቅቤና አይብ አድርጎ ጊዜውን ያሳልፋል፤ መኖውን በብር የሚገዛው ግን ያን ያህል የመታገሥ አቅም ስለሌለው ላሟን ይሸጣል። ፈረሱ ይከተላታል። ቀጥሎ ልጁ ትናንት አባቱ ከብት ያሰማራበት ቦታ ላይ በተሠራ ግቢ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ይቀጠራል። የጥበቃ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከባለመስክነት ወደ በር ጠባቂነት የሚወርደው ምንም ሳይጠየቅ ከሆነ ልማቱ ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

መስክ የሚያስፈልገው ለሰውና ለከብት ብቻ አይደለም። ከአዲስ ዓለም አጠገብ የበርጋ ጨፌ አለ። በክረምት ውኃ ውስጥ የቆመ የሣር ባሕር ነው። በዚያ ሣር መሐል ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ስትበር ነጭ ክንፏ ብልጭ የሚል፣ ከመብረር ይልቅ በሣር ውስጥ ሮጣ መደበቅ የምትመርጥ ወፍ ትኖራለች። ጎጆዋን የምትሠራው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ከቆመው ሣር መሐል ነው፤ ከብት አንድ ጊዜ ካለፈበት ያበቃለታል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ የሚገመት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከምድረ ገጽ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካም መራባቷ እስኪረጋገጥ ድረስ በእርግጠኝነት ትራባለች የሚባለው በኢትዮጵያ ደጋ ጨፌዎች ብቻ ነበር። ቀደም ባለው ዘመን የሱሉልታ ሜዳም ቤቷ ነበር።

በርጋ ላይ የሆነው ነገር ትምህርት የሚሰጥ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው የመስኩ ጠባቂ ቡድን አቋቋሙ፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ ከብት ቶሎ እንዳይለቀቅ ተስማሙ። ወፏን ከሚንከባከቡ ደቡብ አፍሪካውያን በተገኘ ድጋፍም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራ። ሣሩ እስኪያድግ መቆየቱ ለወፏ እንደ ጠቀመ ሁሉ ለድርቆሹም ጠቅሟል። ገበሬውን ከመስኩ ሳያስወጡ መስኩን ማዳን እንደሚቻል ይህ በአገር ቤት የታየ ማስረጃ ነው።

ሱሉልታ ላይ መስኩ ሌላም ሙያ አለው። ንጋት ላይ ሯጮች በረድፍ ሣሩን እየረገጡ ያልፋሉ፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚያው ነው። የኢትዮጵያ ስም በዓለም አደባባይ የሚጠራበት እግር የሚጠነክረው በለስላሳው የደጋ ሣር ላይ ነው። አሠልጣኞች አስፋልት ጉልበት ይጎዳል ብለው ሯጮቻቸውን ወደ ሜዳ ሲያወጡ፣ ያ ሜዳ የአንድ መንደር ግጦሽ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ስለ ገጠር መንደር ውበት ሲነሣ ብዙ የተማረ ኢትዮጵያዊ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው እንግሊዝን ነው። በፊልምና በፖስት ካርድ እንደሚታየው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባብ መንገድ፣ በመሐል ለምለም ሜዳ፣ ከሜዳው ዳር አሮጌ ዛፍ። ብዙዎች ያ ውበት እንግሊዛውያን ሀብታም ስለ ሆኑ የመጣ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ ለሆለታም የሚቀርብ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የማጠሪያ ሕጎች አውጥቶ 6.8 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን የጋራ መሬትና ማሳ ታጥሮ የግል እንዲሆን ፈቅዷል። ይህ የእንግሊዝ መሬት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ላም የነበራቸው ጭሰኞች ግጦሽ አጥተው የቀን ሠራተኛ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈለሱ። ዛሬ በመንደሮቹ መሐል የቀረው ሜዳ ከዚያ ጎርፍ የተረፈው ነው። የተረፈውም ሰው ስለ ተሟገተለት ነው።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት የሚሟገተውን ጋዜጣዋን ያዘጋጀችው ለንደን ዳር በምትገኘው ዉድፎርድ ሆና ነበር። ወደ አዲስ አበባ መጥታ እስክትኖር ድረስ መኖሪያዋ እዚያው ነበር፤ ዐፅሟ ያረፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ዉድፎርድ ዛሬ ከለንደን ጋር ተቀጥላለች። ባቡሩም፣ አስፋልቱም፣ የሕዝቡም ብዛት ደርሶባታል። የመንደሯ ሜዳ ግን አለ። ያለውም የኤፒንግ ደን አካል ስለ ሆነ ነው።

የኤፒንግ ደን ታሪክ ከእንጦጦ እንጨት ለቃሚ እናቶች ታሪክ ብዙም አይርቅም። በደኑ ዙሪያ ያሉ መንደርተኞች በክረምት ወራት ቅርንጫፍ ቆርጠው የማገዶ እንጨት የመውሰድ የቆየ የጋራ መብት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የአካባቢው ባለርስት ደኑን አጥሮ መሸጥ ሲጀምር ላውተን በተባለችው መንደር የሚኖረው እንጨት ቆራጩ ቶማስ ዊሊንጌል እንደ አባቶቹ ልማድ መጥረቢያውን ይዞ ገባ። ቤተ ዘመዶቹ ታሰሩ፤ እርሱ ግን ክርክሩን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1865 የተቋቋመው የጋራ መሬት ጠባቂዎች ማኅበር ከጎኑ ቆመ። ኋላም የለንደን ከተማ ምክር ቤት ራሱ ጉዳዩን ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1874 አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣው ሕግ ደኑና ሜዳዎቹ ሳይታጠሩ ለሕዝብ እንዲቀሩ ተወሰነ፤ መንደርተኞቹም ለተዉት የእንጨት መብት በተከፈለው ካሣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ተሠራላቸው። እዚህ ላይ ትልቁ ቁም ነገር የከተማው ሚና ነው። የለንደን ምክር ቤት የገጠሩ መስክ ለራሱ ነዋሪዎች መተንፈሻነት እንደሚያስፈልግ አይቶ ከገጠሬው ጋር አብሮ ተከራከረ። የአዲስ አበባና የሸገር ምክር ቤቶች እንዲህ ያለ ክርክር ይዘው ቢገኙ ምንኛ ደስ ባለ።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ሌላ ሕግ በአገሪቱ ያለ የጋራ መሬትና የመንደር ሜዳ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘች። በጊዜው ያልተመዘገበ መብት ቀረ። የተመዘገበው ግን ዛሬ ጥበቃ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት ከ200 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ የጋራ መሬት ከመዝገብ እንዲወጣ የሚጠይቅ አካል ምትክ መሬት ማቅረብ አለበት። አንድ መንደር ሜዳውን የሚያጣ ከሆነ በአቅራቢያው ሌላ ሜዳ ያገኛል ማለት ነው።

በእርግጥ የእንግሊዝ መንደርም የራሱ ሕመም አለው። ሜዳው ተጠብቆ ሳለ ቤቱ ተወድዶ የመንደሩ ልጅ በተወለደበት ቦታ መኖሪያ መግዛት አቅቶታል፤ በየገጠሩ ሱቅና መጠጥ ቤት እየተዘጋ፣ አውቶቡስ እየቀረ፣ ጡረተኞች ብቻ የሚኖሩበት መንደር በዝቷል። ስለዚህ ሆለታን የእንግሊዝ ፖስት ካርድ ለማስመሰል መሞከር ሞኝነት ነው። መወሰድ ያለበት ነገር አንድ ነው፤ የጋራው መሬት በመዝገብ ላይ ስም፣ ድንበርና ተከራካሪ አለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክፍተት ሰፊ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ግን መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ማዞር እንደሚችል በግልጽ ጽፎ ነበር። የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማሳ ባለይዞታ በቋሚነት ሲነሣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ እንዲከፈለው አዝዟል፤ ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነው። መስኩ ግን ለአንድ ሰው ስንት ዓመታዊ ገቢ አለው? ጥጃዋ የጋጠችው ሣር፣ ምንጩ፣ የጉግሱ ሜዳ፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት ጥላ፣ በምን ሒሳብ ተሰልቶ ለማን ይከፈላል? በ2016 ዓ.ም. የ1997ቱን የተካው አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቷል። አዋጅ በወረቀት ላይ ቢሻሻልም ወልመራ ላይ ያለው መስክ በካርታ ካልሰፈረ ለአካፋና ለቡልዶዘር ያው ባዶ ቦታ ነው።

ከተማ አይስፋ የሚል ክርክር አያዋጣም። ከሆለታ ገጠር የሚወጣው ወጣት ሥራ ይፈልጋል፤ ከቀበሌ ቤት የሚወጣው የአዲስ አበባ ነዋሪም መጠለያ ይፈልጋል። ብዙ የገበሬ ልጆች ራሳቸው ከጭቃና ከከብት ጭራ መገላገልን ይመኛሉ፤ ያንን ምኞት ማንም ሊንቅባቸው አይችልም። ነገር ግን ቤት ፎቅ ሊወጣ ይችላል፣ ፋብሪካም ተዳፋት ላይ ሊቆም ይችላል። ጨፌ ግን የሚገኘው ውኃው በመረጠው ቦታ ብቻ ነው። ያን ጨፌ ደፍኖ የተሠራ ሰፈር በየክረምቱ ጎርፍ ከቤቱ ሲገባ ወጪው ተመልሶ ከከተማው ካዝና ይወጣል።

በትእዛዝ የሚሠራ መንደርም በዚህች አገር ተሞክሯል። በደርግ ዘመን በ1970ዎቹ መጨረሻ በመንደር ምሥረታ ዘመቻ ሚሊዮኖች ከየጎጣቸው ተነሥተው በመስመር በተተከሉ ጎጆዎች ሰፈሩ፤ ሸዋም ዘመቻው ከበረታባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነበር። ውኃው ራቀ፣ ግጦሹ ራቀ፣ ማሳው ራቀ። በ1982 ዓ.ም. ፖሊሲው ሲላላ ገበሬው ጣሪያውን አፍርሶ፣ ማገሩን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ወደ ምን እንደ ተመለሰ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወደ ምንጩና ወደ መስኩ ነበር።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ቀላልና የሚለካ ነው። የወልመራ ወረዳና በሸገር ሥር የገቡት ቀበሌዎች የግል ማሳን ለክተው ደብተር እንደ ሰጡት ሁሉ መስኩንም ይለኩት። እያንዳንዱ የወል ሜዳ፣ ጨፌ፣ ምንጭና የከብት መንገድ በመንደሩ ስም የምስክር ወረቀት ያግኝ፤ ካርታው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለሌላ ሥራ የሚፈለግ ሲሆን የመንደሩ ሰው፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በይፋ ተሰብስቦ ይምከርበት፤ ከተስማማም ምትክ ሜዳ በቅርብ ይሰጠው። ውኃ የሚተኛበት ጨፌ ደግሞ ጭራሹን ከልዋጭ ውጭ ይሁን። መንደርተኛውም የገፋውን አጥርና የተከለውን ባሕር ዛፍ ወደ ኋላ ይመልስ።

የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። ስሙ የተወሰደው የገዳ አባቶች ሕግ ለማውጣት ይቀመጡበት ከነበረው ለምለም ሜዳ ነው። ስሙን ከጨፌ የወሰደ ምክር ቤት ለሜዳው ሕግ ቢያወጣ የሚደነቅ ነገር የለውም።

መስኩን ለመለካት የሚመቸው ወቅት በጋው ነው። ከኅዳር በኋላ ድርቆሹ ታጭዶ፣ ውኃው ሸሽቶ፣ ቀያሽ ጫማው ሳይረጥብ መስኩን ከዳር እስከ ዳር መሄድ ይችላል። አብሮት መሄድ ያለባቸው ሰዎች ግን በዕድሜ የገፉ ናቸው። ድንበሩን የሚያውቁት ከጥንቱ ወይራ እስከ ምንጩ፣ ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መውጫ፣ ከዚያ በሰንበሌጡ ዳር እስከ ወንዙ ብለው በእጃቸው እያሳዩ ነው። ወይራው በአንዳንድ መንደር ተቆርጧል፤ እነርሱ ግን ጉቶው የት እንዳለ ያስታውሳሉ።